ስለ ብርዕ ሰብሳቢና ስለ ርካሽ ብርዕ

ሰው የሚሰበስበውን ነገር ስለ ምን እንደሚሰበስበው ቢጠየቅ መልሱ አንድ አይደለም። ገበሬው በቆሎውን በጎተራ የሚያገባው ለመኖር ነው። ባለጠጋው ወርቅ የሚያከማቸው ለክብር ወይም ለክፉ ቀን ነው። ሌላው ግን ነገሩን ስለ ወደደው ብቻ ይሰበስባል፤ ከእንደዚህ ያሉት ሰዎች መካከል ብርዕ የሚሰበስቡ አሉ። ብርዕ ሰብሳቢ ማለት መጻፊያ አጥቶ መጻፊያ የሚፈልግ ሰው አይደለም፤ የሚጽፍበት ሳያጣ የብርዕን ዓይነት፥ የተሠራበትን አገርና ዘመን፥ የአሠራሩንም ጥበብ እየመረመረ አንዱን ከሌላው ጋራ የሚያኖር ነው። በእነዚህ ሰዎች መካከል የሚነሣ አንድ ክርክር አለ፤ ይኸውም ዋጋው ጥቂት የሆነውን፥ በፋብሪካ በብዙ ሺሕ እየተሠራ የሚወጣውን ባለ ቀለም ብርዕ ሰብሳቢ ሊገዛው ይገባልን ወይስ አይገባም የሚል ነው።

ነገሩ ሲሰሙት የጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ሁለት የማይናቁ ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የዕቃው ዋጋ የዕቃውን ክብር ይናገራልን የሚል ነው። ሁለተኛውና የከበደው ደግሞ ባልንጀራው አንድ ባጣበት ስፍራ ሰው የማያስፈልገውን ነገር ስንት ሊይዝ ይፈቀድለታል የሚል ነው። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር ሆኖ ይህን የሚያስብ ሰው ጥያቄውን ከቅርብ ያየዋል፤ የጎጃም አገር ስለ ብርዕም ብርዕ ስለ ማጣትም የሚያውቀው ነገር አለውና።

ብርዕ የሚለው ቃል በግዕዝ የመቃና የአገዳ ስም ነው፤ ከመቃውም ለሚቀረጸው መጻፊያ ተሰጠ፤ አማርኛም ፊደሉን አዘዋውሮ ብዕር አለው። እንግዲህ መጻፊያው ስሙን ያገኘ ከወርቅ ወይም ከብር አይደለም፤ በወንዝ ዳር ማንም ሳይተክለው ከሚበቅል ሣር ነው። ነቢዩ ዳዊትም ምላሱን በብልህ ጸሐፊ ብርዕ በመሰለ ጊዜ የመሰለው በዚሁ ርካሽ ነገር ነበር። ቁም ጸሐፊው መቃውን ቈርጦ ያደርቀዋል፤ ጫፉን በሰንጢ ይቀርጸዋል፤ መካከሉን ይሰነጥቀዋል፤ ለጥቁሩ ቀለም አንድ፥ ለቀዩም ሌላ ያዘጋጃል። ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት፥ ከተቈላ እህልና ከቅጠል አዋሕዶ እየበጠበጠ ወራት ያስቀምጠዋል፤ ቀዩን ግን የአምላክን፥ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም የሚጽፍበት ስለ ሆነ በቁጠባ ይይዘዋል። ሁለቱንም በሁለት ቀንድ ሞልቶ ቀንዶቹን ከአጠገቡ በመሬት ይተክላቸዋል፤ ብራናውንም በጕልበቱ ላይ አድርጎ ይጽፋል።

መቃው ሲደነዝዝ እንደ ገና ይቀረጻል፤ በተቀረጸም ቍጥር ያጥራል፤ በጣት ለመያዝ ሲያቅት ይጣላል። መጽሐፉ ግን ይደጎሳል፤ ማኅደር ይሰፋለታል፤ በቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤትም ይጠበቃል። ለመጽሐፉ ማኅደር የሰፋ ሰው ለብርዑ ማኅደር አይሰፋም ነበር። ስለዚህ ሦስት መቶ ዓመት የሆነውን መጽሐፍ ዛሬ በእጅ ይዞ ማንበብ ሲቻል፥ ያ መጽሐፍ የተጻፈበትን መቃ አምጣ የተባለ ሰው የሚያመጣው የለውም። የጠፋውም ክፉ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሌላውን ከወንዝ መቍረጥ ስለሚቻል ነው እንጂ። ውድ ዕቃ ጠባቂ የሚሆነው ዋጋው ራሱ ነው፤ ባለቤቱ ሰነፍ ቢሆን ስንኳ ዋጋው ይጠብቀዋል። ርካሹን ግን ዋጋው አይጠብቀውም፤ ሰው ካልጠበቀው ይጠፋል።

በመቃው የሆነው በፋብሪካው ብርዕ መሆኑ አይቀርም። ንጉሥ የፈረመበት ብርዕ በቤተ መዘክር ይቀመጣል፤ ብዙ ሰው የጻፈበት ግን የትም ይወድቃል። ተማሪው ትምህርቱን የገለበጠበት፥ ወታደሩ ለእናቱ ደብዳቤ የላከበት፥ በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ የመበለቲቱን አቤቱታ ያሰናዳበት ብርዕ ያ ርካሹ ነው። እንግዲህ ሰብሳቢ ውድ ውዱን ብቻ ቢያኖር የብርዕን ታሪክ ሰበሰበ አይባልም፤ የባለጠጎችን ኪስ ታሪክ ሰበሰበ እንጂ።

በዚህ ላይ ከወደ ቅኔ ቤት አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። በዋሸራ፥ በጎንጅ፥ በዲማ የተማሩት ሊቃውንት ቅኔን የተቀበሉት በጆሮ ነው፤ የሰጡትም በቃል ነው። ደበሎ የለበሰው ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ ቁራሽ ሲለምን ውሎ፥ ሌሊት ቅኔውን ሲቈጥር አድሮ፥ ለየኔታ የሚነግረው ያለ ብርዕና ያለ ወረቀት ነው። ቅኔም አንድ ጊዜ በማኅሌት ከተባለ በሌላ ቀን ያንኑ መልሶ ማምጣት ለባለ ቅኔ ነውር ነው። እንግዲህ የአገሩ ሰው የሚመካበት ቃል ሁሉ ያለ ብርዕ የተነገረ ከሆነ፥ ሰው ስለ ብርዕ ይህን ያህል ስለ ምን ይደክማል? ሐዋርያው ዮሐንስስ በሦስተኛይቱ መልእክቱ በቀለምና በብርዕ ከመጻፍ ይልቅ ፊት ለፊት መነጋገርን እንደሚመርጥ አልተናገረምን?

ተናግሯል፤ ነገር ግን ሐዋርያው እንዲህ መውደዱ ዛሬ የሚታወቀው በብርዕ ስለ ተጻፈ ነው። ከቅኔውም ቢሆን ከባለቤቱ ሞት በኋላ የተረፈው ሰሚ የጻፈው ነው፤ ያልተጻፈው ከአፍ ወጥቶ ከጆሮ ገብቶ ከጆሮው ጋራ ተቀብሯል። ይልቁንም የቅኔ ቤት ትምህርት ለርካሹ ብርዕ ጠበቃ ይሆናል። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም ከአንጥረኛ የመጣ ነው፤ አንጥረኛው መልኩን አስቀድሞ በሰም ያበጀዋል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙን በእሳት አቅልጦ ያወጣና ወርቁን በስፍራው ያፈስሳል። ሰሙ ውድ ቢሆን አንጥረኛው ሊያቀልጠው ይሳሳ ነበር፤ ወርቁም መልክ ሳይዝ ይቀር ነበር። ሰም የሚጠቅመው ርካሽ ስለ ሆነና ስለማይሳሱለት ነው። ብዙ ሰው ውድ ብርዕ ገዝቶ ጫፉ እንዳይበላሽበት በመፍራት ሳይጽፍበት ያኖረዋል፤ በርካሹ ግን ያለ ስስት ይጽፋል፤ ቢወድቅ አይደነግጥም፤ ሕፃን ቢነካው አይቈጣም።

ስለ ዕቃው ጠባይ የሚያውቅ ሰው ደግሞ በርካሹና በውዱ መካከል ያለው ርቀት ገዢዎች እንደሚያስቡት ያህል እንዳይደለ ያስተውላል። ቀለም በሆዱ የሚይዝ ብርዕ በሰፊው መሠራት የጀመረው አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ የነበረው ቀለም ብረትን የሚበላ ስለ ነበረ የብርዑን ጫፍ ከወርቅ መሥራት ምክንያት ነበረው፤ ወርቅ አይዝግምና። ዛሬ ግን የማይዝግ ብረት ስላለ ያ ምክንያት ደክሟል። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ፤ ጫፉ የወርቅ በሆነውም ብርዕ ቢሆን ወረቀቱን የሚነካው ወርቁ አይደለም። ወርቅ ለስላሳ ስለ ሆነ በወረቀት ላይ ቢታሽ ፈጥኖ ያልቃል፤ ስለዚህ በመጨረሻው ጫፍ ላይ ከኢሪዲየምና እርሱን ከሚመስሉ ጠንካራ ማዕድናት የተቀመመች፥ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ እንክብል ትለጠፋለች። በርካሹም የብረት ጫፍ ላይ የምትለጠፈው እንደዚያው ያለች ናት። ወርቁ የሚታየው ለዐይን ነው፤ የምትጽፈው ግን እንክብሊቱ ናት።

በ1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በበላያና በቡሬ በኩል አልፈው ደብረ ማርቆስ በገቡበት ዓመት፥ በአሜሪካ ፓርከር 51 የተባለው ብርዕ ለገበያ ወጣ። ጫፉ ተሸፍኖ ጥቂት ብቻ የሚታይ ስለ ነበረ መልኩ እንግዳ ነበር፤ ስሙም በዓለም ሁሉ ተሰማ። ከዚያ በኋላ በቻይና አገር በሻንጋይ የሚገኘው ሂሮ የተባለው ፋብሪካ 616 ብሎ በቍጥር የሚጠራውን፥ መልኩ የፓርከሩን የሚመስል፥ ዋጋው ግን እጅግ ያነሰ ብርዕ ሠራ። ጃፓኖችም ፕላቲነም በተባለው ፋብሪካቸው ፕሬፒ የሚባል የፕላስቲክ ብርዕ አወጡ፤ ክዳኑ አየር እንዳያስገባ ሆኖ ስለ ተሠራ ወራት ሳይጻፍበት ቢቀመጥ ቀለሙ አይደርቅም። ይህን ያህል ጥበብ ሌሎች ፋብሪካዎች በብዙ ገንዘብ በሚሸጡት ብርዕ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። እንግዲህ ሰብሳቢ የሰውን ብልሃት ለማየት የሚሰበስብ ከሆነ፥ በጥቂት ዋጋ ብዙ ሥራ እንዲሠራ ያደረገው ብልሃት ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው ነው።

(በዚህ አገር ባለ ቀለም ብርዕ ለሚይዝ ሰው ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅመዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ መንገደኛ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ደጀን ሲወጣ፥ በብርዑ ሆድ የቀረው አየር ከፍታው በጨመረ መጠን ይሰፋና ቀለሙን ይገፋዋል፤ በኪሱም ላይ ያፈስሰዋል። ይህ በውዱም በርካሹም ይሆናል፤ መድኃኒቱ ሙሉ አድርጎ መሙላት ወይም ፈጽሞ ባዶ ማድረግ ነው። ደግሞም የቁም ጸሐፊውን የጥላሸት ቀለም በእንዲህ ያለ ብርዕ መሙላት አይገባም፤ ጥላሸቱ በጠባቡ የቀለም መንገድ ደርቆ ይደፍነዋልና።)

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ ለርካሹ ብርዕ ያደላ ይመስላል። ነገር ግን ርካሽነት የራሱ ወጥመድ አለው፤ ወጥመዱም ከውዱ ይልቅ የተሰወረ ነው። ውድ ብርዕ ለመግዛት ያሰበ ሰው ይጨነቃል፤ ከሚስቱ ጋራ ይመክራል፤ የልጆቹን ልብስ ያስባል፤ ገንዘቡ ብዙ ስለ ሆነ ኅሊናው ይነቃበታል። ርካሹን የሚገዛው ግን ኅሊናውን ሳይቀሰቅስ ያልፋል። ዛሬ አንድ፥ በሳምንቱ ሁለት፥ በወሩ አምስት እያለ ሳጥኑ ይሞላል፤ ተደምሮ ቢታይ የአንዱን ውድ ብርዕ ዋጋ ሁለት ጊዜ አልፎት ይገኛል። ይህ ሰው ብርዕ ሰበሰበ ከማለት ቍጥር ሰበሰበ ማለት ይቀላል። በወንጌል የተነገረለት ያ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ሊሠራ ያሰበው ባለጠጋ የተነቀፈው እህሉ ውድ ስለ ሆነ አልነበረም፤ ይበቃኛል የሚልበት ወሰን ስላልነበረው ነው። ወሰን ማጣት በሽያጭ ዋጋ አይለካም።

ሌላም ጕድለት አለ። ከርካሾቹ ብርዖች አንዳንዶቹ የሌላውን ፋብሪካ ስም ሰርቀው በራሳቸው ላይ ያትማሉ። መልክን መምሰል አንድ ነገር ነው፤ ስምን መስረቅ ሌላ ነገር ነው። ሂሮ ፓርከርን ቢመስል የራሱን ስም ጽፎ ነው፤ ገዢውም የሚገዛውን ያውቃል። የተሰረቀ ስም የያዘው ግን በእያንዳንዱ ቃል ላይ ሐሰት ይመሰክራል፤ ዋጋው ርካሽ መሆኑም ሐሰቱን አያቀልለውም። እንዲህ ያለውን ሰብሳቢ አውቆ ሊገዛው አይገባም፤ ሳያውቅ በእጁ ከገባም ሐሰተኛ መሆኑን በወረቀት ጽፎ ከእርሱ ጋራ ያኑረው፤ ከሞተ በኋላ ልጆቹ እውነተኛ መስሏቸው ለሌላ ሰው እንዳይሸጡት።

አሁን የከበደው ጥያቄ ቀርቷል። በአበው ዜና የሚነገር ነገር አለ፤ አባ ቴዎድሮስ ዘፌርሜ ሦስት መልካም መጻሕፍት ነበሩት። ወደ አባ መቃርስም ሄዶ፥ እኔም በእነርሱ እጠቀማለሁ፥ ወንድሞችም እየተዋሱ ይጠቀማሉ፤ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀ። አባ መቃርስም ሥራው መልካም እንደ ሆነ፥ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ምንም አለመያዝ እንደ ሆነ ነገሩት። እርሱም ሄዶ መጻሕፍቱን ሸጠና ገንዘቡን ለድኆች ሰጠ። ይህን የሚያነብ ሰብሳቢ ልቡ ይወጋዋል። የሚነበበውንና የሚያንጸውን መጽሐፍ ስንኳ መያዝ ሁለተኛ ከሆነ፥ ለመታየት ብቻ የሚቀመጥ ብርዕ ስንተኛ ይሆናል?

ነገር ግን ታሪኩን በማስተዋል ማንበብ ይገባል። አባ ቴዎድሮስ መጻሕፍቱን አላቃጠለም፤ ሸጣቸው እንጂ። ሻጭ ካለ ገዢ አለ፤ ገዢውም መጻሕፍቱን ወስዶ አኑሯቸዋል። አባ መቃርስ የገዢውን ሥራ ኃጢአት አላሉትም። ፍጹምነትን የሚሻ መነኩሴ ሁሉን ይተዋል፤ በዓለም የሚኖር ሰው ግን ሌላ ልክ ተሰጥቶታል። ያንን ልክ መጥምቁ ዮሐንስ በዮርዳኖስ ዳር ሕዝቡ ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ አስተምሯል፤ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል ዘንድ አዘዘ። አንዱን ልብስ አውልቅ አላለም፤ የተናገረው ስለ ሁለተኛው ነው። ቅዱስ ባስልዮስም በቂሣርያ ሲያስተምር በሣጥን የሚበሰብሰው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ እንደ ሆነ ተናግሯል።

ይህ ትምህርት ለብርዕ ሰብሳቢ እንደ ተነገረ ያህል ይስማማዋል። ከአንድ ዓይነት የሚያኖረው አንዱ ብርዕ ምስክር ነው፤ በዚህ ዘመን ሰዎች እንዲህ ባለው ይጽፉ ነበር ብሎ ለሚመጣው ትውልድ ይመሰክራል፤ ይህን ሥራ ደግሞ ሌላ የሚሠራለት የለም። የዚያው ዓይነት ሁለተኛው ግን ምንም የሚመሰክረው አዲስ ነገር የለውም፤ ፊተኛው የመሰከረውን ይደግማል እንጂ። እንግዲህ ሁለተኛው የሌለው ሰው ገንዘብ ነው። ሌለው የሚባለውም ሩቅ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በጎጃም ጦርነት ተነሥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ተዘጉ፥ ብዙ ሕፃናትም ከደብተርና ከብርዕ እንደ ተለዩ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ፊደል በቤቱ ከአባቱ ወይም ከቄስ የሚማር ሕፃን ባለበት ስፍራ፥ አንድ ዓይነት የሆኑ ዐሥር ብርዖች በአንድ ሣጥን ውስጥ ተዘግተው መቀመጣቸው ለሰብሳቢው ኅሊና የሚቀል ነገር አይደለም።

የርካሹም ብርዕ ትልቁ ጥቅም በዚህ ይገለጣል። በውድ ብርዕ ይህን ሕግ መፈጸም ይከብዳል፤ የወርቅ ጫፍ ያለውን ብርዕ ለተማሪ ልጅ መስጠት ለሰጪው ጭንቅ ነው፤ ለተቀባዩም ሌባ ይከተለዋል። ርካሹን ግን ሲገዙ ሁለት አድርጎ መግዛት፥ አንዱን በሣጥን አኑሮ አንዱን በሕፃን እጅ ማኖር ይቻላል። በሣጥን ያለው ስለ ዘመኑ ይመሰክራል፤ በሕፃኑ እጅ ያለውም ጫፉ እስኪያልቅ ይጽፋል። ሕፃኑ ሰብሮ ቢመልሰውም ሰብሳቢው ሊቀበለው ይገባል፤ የተሰበረውም የሚመሰክረው አለውና፤ በየት በኩል እንደ ደከመ፥ እጅ በየት እንደ ጫነው ከአዲሱ ይልቅ ያሳያል። በእንዲህ ያለ ሥርዓት የሚሰበስብ ሰው ርካሽ ብርዕ ቢገዛ ገንዘቡን አባከነ አይባልም። ያለዚህ የሚሰበስብ ግን በርካሹም በውዱም ያው ነው።

አንድ ክርክር ግን ሰብሳቢዎች ሳያነሡ አይቀሩም፤ ይኸውም የቀለም ነገር ነው። ፋብሪካዎች አንዱኑ ብርዕ ሰማያዊ፥ ቀይ፥ አረንጓዴ፥ ብጫ፥ ጥቁር ልብስ እያለበሱ ይሸጡታል፤ ሰብሳቢውም አምስቱን ገዝቶ፥ እነዚህ አምስት ዓይነቶች ናቸው እንጂ የአንዱ ድጋሚ አይደሉም ይላል። ልብሱ ሲለወጥ ሰውየው ይለወጣል እንደ ማለት ያለ ነው፤ ቢሆንም ፈጽሞ መከልከሉ ጭካኔ እንዳይሆን የቀድሞውን ጸሐፊ መጠየቅ ይቻላል። እርሱ ለሁለት ቀለም ሁለት ብርዕ ይዞ ነበር፤ አንዱን ለጥቁሩ፥ አንዱን ለቅዱሳኑ ስም። ከአጠገቡ በመሬት የተተከሉትም ቀንዶች ሁለት ነበሩ፤ ሰብሳቢውም እስከ ሁለት ቢደርስ ማንም አይከስሰው፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን ዕቃ ቤት ሳይሆን ሕፃናቱ ይጠብቋቸዋል።